ከጤና ኬላ እስከ ጤና ጣቢያ፦ የጥር ወር የጎጃም ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ ግን ሞልቷል። አብራኝ ያለችው ጓደኛዬ ነርስ ናት። ለዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስታሠለጥን ኖራለች፣ አሁን ደግሞ ካሠለጠነቻቸው የተወሰኑትን በየቀበሌያቸው ሄዳ ልታይ ነው። "ልከተልሽ?" ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ። ምክንያቴን ማታ እጽፈዋለሁ።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን አራስ ጠይቀው ወደ ሉማሜ የሚመለሱ ናቸው። ገና ፍቼ ሳንደርስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ልጃቸው ሁለተኛዋን ወልዳ "እማ፣ ከእንግዲህ በቃኝ" ብላቸዋለች። እሳቸው ዘጠኝ ወልደው ስድስት ነው ያሳደጉት።

"ደነገጡ እማማ?" አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። "አልደነገጥኩም ልጄ። ቀናሁ።"

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር የአውቶቡሱ ጫጫታ ሁሉ ቆመ። ቁልቁለቱና እስከ ደጀን ያለው አቀበት አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያልፍ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጨርሰው። ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ እማማ አማተቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ከወንዙ ሳይነቅሉ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይሉን ነበር። ዕድሉስ ይሁን። የእናቲቱ ጉልበትስ?" አሉ። እንዳይጠፋብኝ ወዲያው ስልኬ ላይ ጻፍኩት።

ማታ፣ ደብረ ማርቆስ። ጓደኛዬ ተኝታለች፣ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

እናቴ የደምበጫ ልጅ ናት። በ13 ዓመቷ ተዳረች፣ ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ ገባች፣ ሰባት ወለደች። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ከኔ በኋላ የለም። ለምን እንደሌለ ያወቅሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እጇን ይዘው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክ ወስደዋት ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው፣ መንግሥት ጉዳዩን ጉዳዬ ሳይለው በፊት እንዲህ ያሉ እናቶችን ይቀበል ነበር። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሰጧት። እናቴም ኪኒኑን በላስቲክ ጠቅልላ ሽሮ ዕቃው ውስጥ፣ ከዱቄቱ ሥር፣ ትቀብረው ነበር። አባቴ ሽሮ ዕቃ አይከፍትማ። ማታ ማታ እጇን እስከ ክንዷ ሽሮ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ፣ ምን እንደምትፈልግ ሳላውቅ።

የመጣሁት ለዚህ ነው። ዛሬ የእናቴ አገር ሴቶች ሽሮ ውስጥ ይደብቁ እንደሆነ ማየት ፈልጌ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14፦ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ደምበጫ ላይ ሻይ ጠጣን፣ የእናቴን ሰፈር የሚያሳየኝ ሰው ግን አላገኘሁም፣ ጊዜም አልነበረንም።

ጥር የሠርግ ወር ነው። እህል ገብቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው፣ ስለዚህ አገሩ ሁሉ ይድራል። በመንገድ ሦስት ሠርግ ቆጠርኩ። ሁለቱ በመኪና። ሦስተኛው በበቅሎ ነበር፣ ሙሽራዋ ተሸፋፍናለች፣ ሚዜው ከኋላዋ ተፈናጦ ደግፏታል። ፊቷ አይታይም። ከሽፋኑ የወጣችው አንድ እጇ ብቻ ታየችኝ፣ የሚዜውን ኩታ ጫፍ ጨብጣ። የልጅ እጅ ነበረች። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ አውቶቡሱ አላቆመም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ሕጉ እኮ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። ከዚያ በኋላ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ላይ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። ብዙዎቹ ከሕጉ በፊት የተዳሩ መሆናቸው ይገባኛል። ቢሆንም።

ባሕር ዳር የደረስነው ማታ ነው። ጓደኛዬ እዚህ ያለውን የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተውን፣ በሥራዋ ታውቀዋለች። ያለ ዕድሜ የተዳረች ልጅ ዳሌዋ ሳይሰፋ አርግዛ፣ ምጥ ላይ ቀናት ቆይታ፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት የምትመጣው እዚያ ነው። ዓሣ ጥብስ አዘን ስለ እሱ ስታወራኝ ሁለታችንም ሳንበላ ቀረን።

ረቡዕ፣ ጥር 15፦ አዴትና ከአዴት ወዲያ

አዴት ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዴት ወዲያ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወዲያ በእግር። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፣ በየውድማው ጭድ ይከመራል፣ አቧራው ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። የቀበሌዋን ስም አልጽፍም፣ ያወሩኝ ሴቶች እንዲታወቁ አልፈልግም።

ጤና ኬላዋ ከትምህርት ቤቱ ጎን ያለች ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። ኤክስቴንሽኗን ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚላት። ጓደኛዬን ስታይ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ነገሩ እንዲህ ነበር። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ከዚያው አካባቢ የወጡ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴቶች ይመረጣሉ፣ አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፣ የመንግሥት ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ ከዚያ ከመጸዳጃ ቤት እስከ ክትባት፣ ከወባ እስከ ቤተሰብ ምጣኔ ያለውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሠራሉ። በዚህ አገር ከተሠሩት ነገሮች ከልቤ ከምኮራባቸው አንዱ ይህ ነው። በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 36 ደረሱ። በነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ፣ ጭቃውን፣ ውሻውን፣ "አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ" የሚለውን ባል ሁሉ እነዚህ ልጆች ናቸው የቻሉት።

ከ36ቱ 23ቱ የሚጠቀሙት የሦስት ወሩን መርፌ ነው። ለምን መርፌ እንደሆነ ኤክስቴንሽኗ ሳትናገር አሳየችኝ። መደርደሪያው ላይ በየወሩ የተከፋፈለ የካርቶን ሳጥን አላት፣ ውስጡ የሴቶቹ የቀጠሮ ካርድ ነው። ካርዱ የሚሰጠው ለሴትየዋ ነበር፣ ብዙዎቹ ግን "አንቺው ዘንድ ይቀመጥ" ይሏታል። መርፌ ቤት ውስጥ የሚታይ ምልክት የለውም። ቀጠሮው የገበያ ቀን ላይ እንዲውል ታደርግላቸዋለች። ጨው ልግዛ ብላ የወጣች ሴት ጨውም ገዝታ፣ መርፌም ተወግታ ትመለሳለች። ሳጥኑን ሳየው የእናቴ ሽሮ ዕቃ ታየኝ።

ጠዋት አንዲት አራስነቷን የጨረሰች ልጅ እግር እናት ክንዷ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ልታስደርግ መጣች። አግዳሚው ላይ ተጋደመች፣ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ነው። ኤክስቴንሽኗ ግራ ክንዷን በአልኮል ጠርጋ ማደንዘዣ ወጋቻት፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ቆነጠጠቻት፣ "ያምሻል?" አለቻት። አያምም። ከዚያ ማስገቢያውን ከቆዳዋ ሥር አሾልካ ጫን አድርጋ ሳበችው። አለቀ። ደቂቃ አልፈጀም። የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ናት፣ ለሦስት ዓመት የምትሠራ። ኤክስቴንሽኗ የልጅቷን ጣት ይዛ ክንዷ ላይ አስኬደቻት። "ይኸው፣ ዳሰሻት?" ልጅቷ ዳሰሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና ዳሰሰች። ሁሉም በነጻ ነው፣ አንድ ብር አልተጠየቀችም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ዋርካው ሥር ቁጭ ብላ የጠበቀች ሴት ነበረች። ሠላሳ ሳይሞላት አይቀርም። ገባችና ነጠላዋን ከክንዷ ላይ ገለጥ አደረገች።

"ዶክተር፣ አውጭልኝ።"

"እኔ ማውጣት አልችልም እኮ። ጤና ጣቢያ ነው አላልኩሽም?"

"ብለሻል። አንቺ ያስገባሽውን አንቺ አውጭልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረውን እዚህ ጤና ኬላ እንዲያስገቡ ኤክስቴንሽኖቹ ሠልጥነዋል። ማውጣቱ ግን በትንሹ መቅደድ ይፈልጋል፣ ገባ ብሎ የተቀመጠም ያጋጥማል፣ ስለዚህ ለጤና ጣቢያ ነው የተሰጠው። ምክንያቱ ይገባኛል። ይህችን ሴት ግን የቀበሩላት ከቤቷ አሥር ደቂቃ ላይ ነው፣ የሚያወጡላት ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ተሄዶ ነው።

ለምን ማውጣት እንደፈለገች ጓደኛዬ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። ደም። ከአምስት ወር ወዲህ ይመጣል ይሄዳል፣ ቀን የለውም። የሚያሰጋ እንዳልሆነ፣ በአንዳንድ ሴት ላይ እንደሚያጋጥም ኤክስቴንሽኗ ነግራታለች። "አያሰጋም ትለኛለች። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ። ገናን ከደጅ ነው የዋልኩት። የእህቴን ልጅ ክርስትና ላነሳ ነበር፣ ሌላ ሰው አነሳው። ሰው ምን ሆና ነው ይላል።"

ጓደኛዬ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋችው። በሥልጠናው ላይ "የደም መዛባት ሊኖር ይችላል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበበችው፣ አንድም ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አገናኝታ እንዳላስተማረችው ማታ ነገረችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 16፦ ወደ ጤና ጣቢያ

አብረናት ሄድን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥተን፣ ዳገት ወጥተን፣ ደረቅ ወንዝ ተሻግረን።

መንገድ ላይ አወራችን። በጥር ነው የተዳረችው፣ በ13 ዓመቷ፣ ልክ እንደ እናቴ። አራት ልጆች አሏት። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ስታስቀብረው አብሮ የመጣው እሱ ነበር፣ ያላቸው ሦስት ጥማድ መሬት ለአራት ልጅ ተካፍሎ ምን ሊሆን ነው ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው። አሁን ይውጣ ስትለው ግን "ከዚያስ?" አላት። "እሱ የሚያስበው እርሻውን ነው። እኔም አስባለሁ። ግን ክንዱ የኔ ነው" አለች። ቆጣ ብላም አልነበረም የተናገረችው። የሚታወቅ ነገር እንደምትነግረን ሁሉ።

ትልቋ ልጇ 12 ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ባለፈው ዓመት ጠያቂ መጥቶ ነበር። "አልሰጥም አልኩ። እኔ የተሰጠሁ ቀን ምን እንዳደረጉኝ አውቃለኋ።"

የምንሄድበት ወረዳ ይልማና ዴንሳ ነው። ሞሰቦ የምትባል መንደር አለች እዚሁ ወረዳ ውስጥ፣ ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረባት። ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት ላቆዩ ወላጆች በግ ይሰጣቸው ነበር፣ ልጅቷ ደግሞ ደብተርና እርሳስ፣ ከሴት ጓደኞቿ ጋር የምትገናኝበት ቡድን። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ለውጡ በጣም ትልቅ ነበር። ከ15 በላይ ባሉት ላይ ግን ጋብቻውን አላስቀረውም። ሰው በግ ተሰጥቶት ነው ወይ ልጁን የሚያስቀምጠው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ቅር አይለኝም። ለሠርጉ ስንት በግ ይታረድ የለም እንዴ? ይህቺ እናት ግን በግ የሰጣት የለም። ብቻዋን ነው "አልሰጥም" ያለችው።

ጤና ጣቢያው ደረስን። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ተቆልፏል። አንድ ሰው ከካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቱን አውጥቶ "ሲስተር ሥልጠና ሄዳለች፣ ሰኞ ተመለሱ" አለን። ሌላ የሚያወጣ ሰው የለም? የለም። ነግሮ መስኮቱን ዘጋ።

እኔ ነደደኝ። ሴትየዋ ግን ምንም አላለችም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ቆሎ ፈታች፣ ለሁላችንም እኩል አፈሰችልን፣ ቆረጣጠምን፣ ተነሣን። የመልሱ መንገድ ፀሐይ ነበር።

ማታ ጓደኛዬ ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና "ስናሠለጥን ስንት አስገቡ ብለን ነው የምንቆጥረው" አለች። "ስንት አወጡ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።" ምን እንደምላት አላወቅሁም። በ2008ቱ ዳሰሳ ልጅ ማራራቅ ወይም መውለድ ማቆም እየፈለጉ ምንም የማይጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከመቶ 22 ናቸው። እስከ ዛሬ ቁጥሩን ሳነብ አገልግሎቱ ያልደረሳቸው ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ግን ከነሱ መካከል ጎረቤቷ ለማስወጣት ሦስት ጊዜ ስትመላለስ አይታ "ይቅርብኝ" ያለች ሴት አትኖርም? በሯ ድረስ ብናመጣላት እንኳ፣ ስትፈልግ ማቆም እንደምትችል ካላመነች ለምን ትጀምራለች?

ዓርብ፣ ጥር 17፦ አውራ አምባ

ሰኞን ስንጠብቅ ሌላ ቦታ ልንሄድ ተስማማን። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አውራ አምባ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ማኅበረሰብ። ብዙ ተወርቶለታል፣ ስለዚህ አላስረዝምም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። አንድ ጎልማሳ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጥጥ ይፈትላል፣ እንዝርቱን ጭኑ ላይ እያሾረ። ውስጥ ደግሞ ሚስቱ ሸማኔ ጉድጓድ ገብታ ትሸምናለች። በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው፣ ይህን ሳይማር ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። እሱ ሳየው አላፈረም፣ ቀና ብሎም አላየኝ። እዚህ ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በታች አያገቡም። ጓደኛዬ ሴትየዋን ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ስትጠይቃት "ማን ይወስናል?" አለቻት። ሴትየዋ ጥያቄው አልገባትም፣ ደግማ አስጠየቀቻት። "ሁለታችን ነና" አለች በመጨረሻ፣ መወርወሪያዋን ሳታቆም።

ሰኞ፣ ጥር 20፦ ጤና ጣቢያው፣ ሁለተኛ ጊዜ

ቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር አርፈን ትናንት ማታ አዴት አደርን። ዛሬ ንጋት ላይ መንገዱ ላይ ስንጠብቃት ብቻዋን አልመጣችም። ባሏ ከኋላዋ ነው፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ሰላም ብሎን ዝም ብሎ ይከተል ጀመር። ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ለኔ ይሁን ለራሱ ሳይለይ "ሐሙስ ዕለት በከንቱ ተመላልሳ እግሯ አብጦ አደረ" አለ። ሌላ አልተናገረም።

ሲስተሯ አለች። ይቅርታ ጠየቀችን፣ ከልቧ። ክንዷን አደነዘዘች፣ በምላጭ ጫፍ የጣት ጥፍር የማታክል ቀደደች፣ ከታች ገፋ ስታደርገው ጫፉ ብቅ አለ፣ በመቆንጠጫ ይዛ ሳበችው። ሳህኑ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ሴትየዋ አንገቷን ሰግጋ አየችው።

"ይቺን ታክላለች?"

"ይቺን ታክላለች።"

ሲስተሯ ክንዷን እያሠረች ሌሎቹን አንድ በአንድ ነገረቻት። መርፌውም ደም ሊያዛባ እንደሚችል አልደበቀቻትም። ሉፕ የሚባለው ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚቆይ፣ ኪኒን ግን ደሙን ቀን ይዞ እንዲመጣ እንደሚያደርግ፣ በየማታው ሳይረሱ መዋጥ እንደሚፈልግ፣ ምንም አልፈልግም ካለችም ምንም ሳትወስድ መሄድ እንደምትችል። ሴትየዋ ደግማ ደጋግማ ጠየቀች። ወደ በሩ አላየችም፣ ባሏ ውጭ ነው የተቀመጠው። ግፊቷን ተለካች፣ ደህና ነው ተባለች። ከዚያ "ኪኒኑን" አለች። እሱማ ከመንደሯ ጤና ኬላም ይገኛል፣ ማቆም ስትፈልግ ደግሞ የማንንም እጅ አትጠብቅም። ይህን ያለችው እሷው ናት።

ሦስት ፍሬ ማሸጊያ ተሰጣት። ስንወጣ አላስቻለኝም።

"የት ነው የምታስቀምጪው?"

"መደቡ ላይ፣ ከሬዲዮኑ ጎን። ማታ ማታ ዜና ሲከፍት 'ዋጥሽ ወይ' ይበለኝ እንጂ።" ይህን ስትል ወደ ባሏ አየች። እሱ አቀርቅሮ በዱላው መሬቱን ይጭራል፣ ግን ፈገግ ብሏል።

መንገዱ ሲለያየን ጉንጬን ሳመችኝ። ነገ አስተርዮ ማርያም ናት። ከሩቅ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ከበሮ ይሰማል፣ የሠርግ ይሁን የበዓል አልለየሁም። የታሠረውን ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነችና "ለነገዋ ማርያም ባልደርስ ለኪዳነ ምሕረት እደርሳለሁ" ብላ ዳገቱን ተያያዘችው።